ሹዌን የለበሰችው ሴት

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ቻይና ይመሻል፣ አሜሪካ ይነጋል። ደብረ ብርሃን ግን ምሳ ተበልቶ የሰው ዓይን የሚከብድበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ሐመልማል ማዳመጫዋን ታደርግና የሁለት ልጆች ወሬ ታዳምጣለች። ስድስት ዓመት ሙሉ እንጀራዋ ይኸው ነው፤ የሰው ወሬ ማዳመጥ። «ሰፈሬ ውስጥ በነጻ የሚሠሩት ሞልተዋል» እያለች በራሷ ላይ ትቀልድ ነበር።

ሁለቱ ኃያላን አገሮች ልጆቻቸው በቀጥታ እንዲነጋገሩ አይፈቅዱም፤ ጭራሽ አይነጋገሩ ማለቱ ደግሞ ለስማቸው አላማረም። ስለዚህ የቻይናና የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚለዋወጡት ቪዲዮ ሁሉ በሦስተኛ አገር በኩል እንዲያልፍ ተስማሙ፤ ሦስተኛዋ አገርም እኛ ሆነን ተገኘን። ወደ ደሴ በሚያወጣው መንገድ ዳር ሁለት አዳራሽ ተሠራ። የምሥራቁ አዳራሽ የቻይና ልጆችን ቃል ይመረምራል፣ የምዕራቡ የአሜሪካ ልጆችን። በመሃል ግድግዳ አለ። መግቢያው ለየብቻ፣ ሻይ ቤቱ ለየብቻ፣ ሽንት ቤቱ ሳይቀር ለየብቻ ነው። ሠራተኞቹ «ድልድይ» ይባላሉ። ስሙን የወደደው የለም፤ ድልድይ እኮ ሁሉም የሚረግጠው ነገር ነው ይላሉ በሻይ ሰዓት።

አንድ ቃል ከአንዱ ልጅ አፍ ወጥቶ ሌላው ልጅ ጆሮ እስኪደርስ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። በሦስት ደቂቃው ውስጥ ድልድዩ ወይ «ንጹሕ» የሚለውን ይጫናል ወይ ይቆርጣል። ልጆቹ አድገውበታል፣ አይከብዳቸውም። አንዱ ቀልድ ተናግሮ ሌላው እስኪስቅ ድረስ ጥፍር ይቆርጣሉ፣ ሾርባ ይጠጣሉ፣ የቤት ሥራ ይጨርሳሉ። ሳቁ ሲመጣ ቀልደኛው ራሱ ምን እንዳለ ረስቶት ይሆናል፤ ያም ሆኖ አብሮ ይስቃል።

የሐመልማል ጥንድ ቁጥሩ 212 ነው። ሹዌ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ አባቷ ወንዝ ዳር ባለ የመስተዋት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ኮልተን በአንድ ዓመት ይበልጣታል፤ እስከ አድማስ በቆሎ ብቻ ከሚታይበት አገር ነው፣ የኋላ እግሯን የሚያማት አንዲት አሮጊት ውሻ አለችው። ዓመት ሙሉ ተጨዋወቱ። ሹዌ ችኩል ናት፣ ሰው አታስጨርስም። ኮልተን ቀስ ይላል፣ ያፍራል። አንድ ቀን «ይህቺ አርባ ደቂቃ ባትኖር ከአልጋዬ የምነሳበት ምክንያት አልነበረኝም» ብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ንግግር ይቆረጣል ይላል ደንቡ። የኮልተን ድልድይ አልቆረጠውም። ሐመልማልም ሰምታ ዝም አለች፤ ዝም አይነቅዝም። ወልዳ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን የሰው ልጅ እንዲህ ሆድ ያላውሳል ወይ ብላ ራሷን ታዘበች።

ኅዳር አሥራ ሦስት ቀን ስምንት ሰዓት ላይ የሹዌ ወንበር ባዶ ነበር። ሐመልማል አሟት ይሆናል ብላ ጠበቀች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አለቃዋ አቶ እሸቴ መጥተው ከኋላዋ ቆሙ።

«ሹዌ ከፕሮግራሙ ወጥታለች» አሏት። «ጥንዱ ይቀጥላል። አንቺ ትለብሻታለሽ።»

«የት ሄደች?»

«ወጥታለች ነው የተባልኩት።»

«አሟት ነው? ትምህርት ቤት ቀይራ ነው? መቼም አንድ ነገር ሳይሉ...»

«ሐመልማል» አሉ አቶ እሸቴ። አይቆጡም፤ ቁጣ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። «እኔም የማውቀው ይህንኑ ነው። ልጁ እየጠበቀ ነው።»

ፕሮግራሙ ከተጀመረ ጀምሮ አንድም ጥንድ ተቋርጦ አያውቅም። ቢቋረጥ አንዱ አገር በሌላው ያሳብባል፣ ነገርን ነገር ያነሳዋል። ስለዚህ አንድ ልጅ ሲጎድል ድልድዩ ይለብሰዋል። ሐመልማል ካሜራው ፊት ተቀመጠች፤ እሷ ስታወራ የሹዌ አፍ ተንቀሳቀሰ፣ አማርኛዋ በሹዌ ድምፅ ቻይንኛ ሆኖ ወጣ። እንቢ ማለት ትችል ነበር፤ እንቢ ያሉ ሁለት ሰዎች ታውቃለች፣ ዛሬ ሌላ ሥራ ይሠራሉ። እሷ ግን ያ ልጅ በማግስቱ ጠዋት ተነስቶ ባዶ ወንበር ሲያይ ታያት። ለእሱ ስትል ለበሰች። ለሌላ ለማንም አልነበረም።

ለባሾች እየለበሱ ጎን ለጎን ሦስት ቀን ሥልጠና ይወስዳሉ። አሠልጣኙን ያደከመው አንድ ነገር ብቻ ነው። እኛ አገር ሰው «አዎ» ለማለት አፉን መክፈት አያስፈልገውም፤ ቅንድቡን ከፍ፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል፣ ተስማማ ማለት ነው። ሹዌ አገር እንዲህ አይደረግም። ኮልተን አገርም አይደረግም። ሐመልማል ግንባር ላይ ፕላስተር ለጠፉባት፣ ቅንድቧ በተነሳ ቁጥር ቆዳዋን እንዲቆነጥጣት። ትንፋሿን ሳብ ስታደርግ ቀይ መብራት ይበራባታል። አመል ያወጣል ከመሃል ይባል የለ፣ እስክትተወው ሦስት ወር ፈጀባት። ከዚያ በኋላ ሰፈሯ ያለው ባለሱቅ «ስኳርም ልጨምርልሽ?» ሲላት ፊቷ ሳይነቃነቅ «አዎ» ትለዋለች። ምን አስቀየምኳት ብሎ ሰው ጠይቆ ነበር አሉ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ግንቦት ገባ። ሐመልማል ሹዌን ለምዳታለች። የፋብሪካውን ፉጨት፣ የአባቷን ሳል፣ የምትጠላቸውን የሒሳብ አስተማሪ ታወራለታለች። ኮልተን ስለ ውሻዋ ይነግራታል። አንድ ማክሰኞ የምታወራው አልቆባት «ውሻዋን በጣም ትወዳታለህ አይደል?» ብላ ጠየቀችው።

ሦስት ደቂቃ ጠበቀች። ኮልተን ቅንድቡን ከፍ አደረገ፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ።

ሐመልማል ክው አለች። ፊት የሚያለብሰው መሣሪያ የለባሹን አመል መቶውን ይይዛል፣ አንዱ ያመልጠዋል፤ አንዱ ያመለጠው አሁን ነው። በማግስቱ ሆን ብላ «ጣቴ በር መሃል ገብቶ ተጨፈለቀ፣ ጥፍሩ ጠቁሯል» አለችው። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ኮልተን ፊቱ ጭምድድ አለ፤ የተናገረውም ተገላብጦ ጆሮዋ ሲደርስ «በአንቺ ፋንታ እኔን በጎዳኝ» የሚል ሆነ። የበቆሎ አገር ጎረምሳ ለተጨፈለቀ ጣት እንዲህ አይልም። ከግድግዳው ማዶ ያለ አንድ ያገሯ ሰው «እኔን!» ብሏል።

ቀሪውን ሰዓት እንዴት እንደጨረሰችው አታውቀውም። ስድስት ወር ሙሉ ለማን ነበር የምትስቀው? ልጁስ የት ነው?

የሁለቱ አዳራሽ ሠራተኞች እንዳይገናኙ የምዕራቦቹ መውጫ በግማሽ ሰዓት ይዘገያል። ሐመልማል ቤቷ አልሄደችም። ግንቧን ዞራ የምዕራቡ በር አጠገብ፣ ባጃጅ የሚቆምበት ጋ፣ ፊቷን በነጠላዋ ከልላ ቆመች። ያ የደብረ ብርሃን ንፋስ አጥንት ድረስ ይገባል። የጥንዱ ቁጥር በሁሉም ደረት ላይ ተሰክቷል፤ የሚወጣውን ሰው ሁሉ ደረት ደረቱን ታየው ጀመር። 212 የተሰካባቸው ሰው ከሃምሳ ያለፉ፣ ረጅም፣ ክርናቸው ላይ የሳሳ ቡናማ ኮት የለበሱ ነበሩ።

«ጋሼ» አለች፣ የራሷን ቁጥር እያሳየቻቸው።

ሰውየው ቁጥሩን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ። «አንቺ ነሽ የሹዌ ድልድይ? ደርቤ እባላለሁ። እንዴት ናት ልጅቷ? እባክሽ እህቴ፣ በደንብ ትበላለች ወይ? ከስታብኛለች።»

ሐመልማል ጠጋ አለቻቸው። «ጋሼ፣ ኮልተንን ለብሰውታል፣ አይደል?»

ጋሽ ደርቤ ግራና ቀኝ ተመለከቱ። ባጃጁ ውስጥ ካለው ሹፌር በስተቀር የቀረበ ሰው የለም። «ማን ነገረሽ?»

«ቅንድብዎ ነው የነገረኝ።»

ግንባራቸውን ዳበስ አደረጉ። «ይህ ቅንድብ እንዳስያዘኝ ሊቀር ነው። ትጠቁሚኛለሽ?»

«አልጠቁምም። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመስከረም። ትምህርት ሲከፈት ልጁ አልመጣም። ወጥቷል አሉኝ። ወዴት ብል ማን ይነግረኛል? እናቱ ግን አዳሪ ትምህርት ቤት የገባ ይመስላታል። በየእሁዱ የሳምንቱ ቪዲዮ ለወላጆች ይላክ የለ? ታየዋለች። እኔን ታየኛለች ማለት ነው።» ኮታቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «እተወዋለሁ ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው። የዚያች ልጅ ነገር አላስችል አለኝ። እሷ እንኳ በሕይወት አለች፣ እሷን ደግሞ ብቻዋን ትቻት ልሂድ? የቀረሁት ለሹዌ ስል ነው።»

ሰውየው ያወቁት ነገር የለም። ድልድይ ናት፣ ታዳምጣለች እንጂ ሌላ አይደለችም ብለው ነው የሚያወሯት።

«ደግሞ ልጅ እንዳትመስልሽ፣ ንቁ ናት» አሉ ጋሽ ደርቤ፣ በገዛ ልጃቸው እንደሚኮራ ሰው። «አንድ ጊዜ ነቅታብኝ ነበር። አንቺም ሰምተሽዋል እኮ። 'ኮልተን፣ አዎ ስትል ለምንድን ነው ትንፋሽህን የምትስበው? ድሮ እንዲህ አታደርግም ነበር። አንተ ኮልተን ነህ?' አለችኝ። ደነገጥኩ። ደንቡ ያው ነው፣ ለለባሽ የተሰጠውን 'ጥርጣሬ' የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ። የሚያረጋጋት ሰው ይልኩላታል ብዬ ነው። ልከውላትም ኖሯል፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ተመስገን ነው።»

ሐመልማል አስታወሰችው። ሹዌ ያን ስትጠይቅ ፊት ለፊቷ ነበረች። ያን ጊዜ ገና አልለበሰችም፣ ሥልጠናውንም አልወሰደችም። ሰው አዎ ሲል ትንፋሹን መሳቡ ምን ይገርማል ብላ፣ የልጅ ጨዋታ ነው ብላ፣ «ንጹሕ» የሚለውን ተጫነች። በአንድ ጣት ብትቆርጠው ኖሮ ጥያቄው እኒህ ሰውዬ ዘንድ አይደርስም ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ እሷም እሳቸውም የገዛ አገራቸው አመል ስለሆነ አላዩትም። ያየችው ልጅቷ ብቻ ናት።

«ቀኑ መቼ ነበር?» አለች።

«ኅዳር አሥር። ለምን ጠየቅሽኝ?»

ደህና ናት፣ ትበላለች ብላቸው መሄድ ትችል ነበር። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ቤታቸው ይገባሉ፣ ነገም ስምንት ሰዓት ላይ ተመልሰው ይመጣሉ። አቶ እሸቴ ቢሆኑ እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት። ይህን ስታስብ እውነቱ አፏን ሞላው።

«ጋሼ፣ ከኅዳር አሥራ ሦስት ወዲህ ሹዌ እኔ ነኝ።»

ጋሽ ደርቤ መጀመሪያ ያልገባቸው መሰሉ። ቀጥሎ የገባቸው መሰሉ። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ሦስት ቀን» አሉ። «እኔ ተጫንኩ፣ በሦስተኛው ቀን ወሰዷት።»

«እኔም ቃሉን አሳልፌዋለሁ። ሁለታችንም ነን» አለች ሐመልማል። ልታጽናናቸው ብላ ነው፤ ግን ማጽናኛ አልነበረም። እንባዋ መጣ፣ አልጠረገችውም። አጠገባቸው ተቀመጠች። የባጃጁ ሹፌር ሁለት ጊዜ ጡሩንባ ነፍቶ ሄደ።

«የሹዌም እናት እሁድ እሁድ ታያለች?» አሉ ቆይተው።

«ታያለች። እሷንም አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታለች ብለዋት ይሆናል።»

«እንዲያው ልጄ ደህና ናት እያለች ነዋ። አትፈልጋትም ማለት ነው። የኔይቱም አትፈልገውም።» ቀና ብለው አዩዋት። «የሹዌን ቃል የሚመረምረው ማን ነው?»

«እኔ።»

«የኮልተንንስ እኔ አይደለሁም? ታዲያ ነገ እንንገራቸዋ። ማን ይቆርጠናል?»

ሐመልማል ሌሊቱን ሙሉ ያላሰበችው ነገር የለም። ሥራዋን፣ የቤት ኪራይዋን፣ እንቢ ያሉትን ሁለቱን ሰዎች። ሲነጋ ግን ደግማ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እነዚያ ሁለት እናቶች ፍለጋ ካልወጡ ልጆቹን በዓለም ላይ የሚፈልጋቸው ሰው የለም።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ሹዌን ለብሳ ተቀመጠች። ፕላስተሩን አልለጠፈችም።

«እኔ ሹዌ አይደለሁም» አለች፣ በሹዌ አፍ። «ሹዌ ከኅዳር አሥራ ሦስት ቀን ጀምሮ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም። የት እንዳለች አላውቅም። እናቷ ይህን የምታይ ከሆነ፣ እኅቴ፣ ልጅሽን ፈልጊ።» ቃሉ ተመልሶ ለምርመራ ወደ እሷ መጣ። «ንጹሕ» የሚለውን ተጫነች።

ከሦስት ደቂቃ በኋላ ኮልተን ለእናቱ ተናገረ። አልተጣደፈም። «እመቤቴ፣ እኔ ልጅዎ አይደለሁም፣ ስሙን ይዤ የተቀመጥኩ ሽማግሌ ነኝ። ልጅዎ ከመስከረም ጀምሮ አልመጣም። ይፈልጉት፣ ዝም አይበሉ።» ከዚያ በኋላ የሚባል ነገር አልቀረም። ሁለቱ ልጆች እስክሪን ላይ እየተያዩ ቀሪውን ሰዓት ዝም ብለው ተቀመጡ። ሐመልማል ወጥታ ቤቷ ሄደች፣ ትንሽ ልብስና የጥርስ ብሩሽ በከረጢት አድርጋ በሩ አጠገብ አስቀመጠች። ዓርብ ሥራ አልገባችም፤ ሊወስዳት ማንም አልመጣም። ቅዳሜም አልመጣም። እሁድ ቀኑን ሙሉ፣ ይኼኔ አይተውታል፣ ይኼኔ ጮኸዋል እያለች ቤት ውስጥ ስትመላለስ ዋለች።

ሰኞ ሥራ ገባች። ዘበኛው እንደወትሮው ሰላም አላት። አቶ እሸቴ ቢሮአቸው ጠርተው ወንበር አቀረቡላት።

«ሻይ ልዘዝልሽ?»

«አልፈልግም።»

የእሁዱን ቪዲዮ ከፍተው እስክሪኑን ወደ እሷ አዞሩት። ለወላጆች የተላከው ይኸው ነው። ሹዌና ኮልተን ስለ ፈተና ያወራሉ። ስለ ዝናብ ያወራሉ። ሐሙስ የተባለው ነገር የለም። ሐመልማል የሹዌን ፊት አተኩራ አየችው፤ የለባሽ ምልክት ፈልጋ አጣች።

«ማን ነው የለበሳት?»

«ማንም» አሉ አቶ እሸቴ። «ከእንግዲህ ሰው አያስፈልጋትም። መሣሪያው ስድስት ወር ሙሉ ካንቺ ተምሯል።»

«ጋሽ ደርቤስ?»

«እሳቸውም ጥሩ አስተምረዋል።» ከመሳቢያቸው አንድ ወረቀት አወጡ። «የሹዌ እናት የጻፈችው ነው፣ ዛሬ ጠዋት ተተርጉሞ ደረሰን። ላንብብልሽ።» መነጽራቸውን አደረጉ። «'ልጄ ድሮ ችኩል ነበረች፣ ሰው አታስጨርስም ነበር። አሁን ጓደኛዋ ሲናገር አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስኪጨርስ ታዳምጠዋለች። ትላንት ሳያት አለቀስኩ። ይህን ደግነት ላስተማራት ሰው ምስጋናዬን አድርሱልኝ' ትላለች።»

ሐመልማል እስክሪኑን ተመለከተች። ኮልተን ስለ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ያወራል፣ ሹዌ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ ትሰማዋለች። አንገቱ የሐመልማል ነበር። እናቷም እህቷም እንደዚያ ነው የሚያዳምጡት።

«ላንቺ የተጻፈ ነው» አሉ አቶ እሸቴ፣ ወረቀቱን አጥፈው እየሰጧት። «ያንቺ ነው፣ ውሰጂው።»

እጇን ዘርግታ ተቀበለቻቸው።